ከሊዝበን እስከ አቴንስ በ16 ቀን? ተዉ!

ሰመር ሲቃረብ የዚህ ዓምድ የደብዳቤ ሳጥን ይሞላል። ዘንድሮ ደግሞ ሁላችሁም የተመካከራችሁ ይመስል ጥያቄው መኪና፣ ልጆችና ደቡብ አውሮፓ ብቻ ነው። ሁሉንም ማውጣት ስለማይቻል ስድስቱን መርጫለሁ። ረዘም ያሉትን ቆረጥ አድርጌያቸዋለሁና ቅር እንዳይላችሁ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሽቱትጋርት ነው። እኔና ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችን (11፣ 8 እና 4 ዓመት)፣ እንዲሁም በቪዛ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ አለን። ኦገስት ላይ በራሳችን ባለ ሰባት መቀመጫ መኪና ከሊዝበን ተነስተን በባርሴሎና፣ በኒስ፣ በሮም፣ በቬኒስ፣ በዱብሮቭኒክ አድርገን አቴንስ መድረስ እንፈልጋለን። 16 ቀን አለን። ባለቤቴ «በቀን 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ምን አላት» ይላል። ይቻላል ወይ? (እናት፣ ከሽቱትጋርት)

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ማካፈል ይችላል፤ መደመሩን ነው የረሳው። ጉዟችሁ የሚጀምረው ከሊዝበን ሳይሆን ከቤታችሁ በር ነው። ከሽቱትጋርት ሊዝበን ራሱ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሊዝበን አቴንስ ባሰባችሁት መንገድ ከ4,000 በላይ። ከአቴንስ ቤታችሁ ሌላ ከ2,000 በላይ። ይህን ለ16 ስታካፍሉት በየቀኑ ከ500 በላይ ይመጣል፣ ያውም አንድም ቀን ሳታርፉ፣ አንድም ልጅ ሳያስመልሰው፣ አንድም ቀን «እዚህ ባሕር ዳር ትንሽ እንቆይ» የሚል ሰው ሳይኖር። የአራት ዓመት ልጅ መቀመጫው ላይ ታስሮ ከሁለት ሰዓት በላይ አይችልም። የእናትሽም እግር እንደዚያው፣ እሷ ግን አትናገርም። እናቶች አይናገሩም፣ ማታ ጫማቸውን ሲያወልቁ ነው እብጠቱ የሚታየው።

ከርቀቱ የባሰ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የእናትሽን ፓስፖርት አሁኑኑ አውጥተሽ ቪዛውን እይው። የመግቢያ ብዛት የሚለው ቦታ ላይ 01 ከሆነ አንዴ ከሸንገን፣ ማለት በአንድ ቪዛ ከሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ከወጣች በዚያ ቪዛ መመለስ የለም። ደጋግማ መግባት የምትችለው «ሙልት» የሚል ከተጻፈበት ነው። ክሮኤሺያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ናት፣ ገንዘቧም ዩሮ ሆኗል፤ እሷ አታስቸግርም። ወደ ዱብሮቭኒክ ስትወርዱ ድሮ ኔዑም የምትባል የቦስኒያ ቁራጭ ባሕር ዳር መሀል ላይ ትገባና ሁለት ኬላ ማለፍ ግድ ነበር። ከጁላይ 2022 ጀምሮ ግን የፔልየሻትስ ድልድይ ቦስኒያን ሳትረግጡ ያሻግራችኋል። ችግሩ ከዱብሮቭኒክ በኋላ ነው። ወደ ግሪክ በባሕሩ ዳር ስትወርዱ ሞንቴኔግሮ አለ፣ አልባኒያ አለ፤ ሁለቱም ከሸንገን ውጪ ናቸው። እናትሽን ኬላ ላይ አስቀምጦ መንገድ መቀጠል አይቻልም መቼስ።

እና ምን ይሻላል? እኔ ብሆን አቴንስንም ሊዝበንንም ለሌላ ዓመት አቆይና ሦስት ማረፊያ ብቻ እይዛለሁ፣ እያንዳንዱ ጋ አራት ወይም አምስት ሌሊት። መጀመሪያ በደቡብ ፈረንሳይ ኒም አካባቢ። ከሽቱትጋርት ሩቅ ስለሆነ ሊዮን አካባቢ አንድ ሌሊት እደሩ። ከዚያ በጣልያን ሉካ። በመጨረሻ ጋርዳ ሐይቅ፣ ከእሱ በብሬነር መተላለፊያ ወደ ቤት። ለኦስትሪያ የመንገድ ክፍያ ቪኜት ቀድማችሁ ግዙ፣ የብሬነሩ ፈጣን መንገድ ደግሞ ለብቻው ያስከፍላል። በስዊዘርላንድ በኩል ብትመለሱም የእናትሽን ቪዛ አይነካውም፣ አገሪቱ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ሸንገን ውስጥ ናት።

ኒምን የመረጥኩት ለፖን ዱ ጋር ነው። ሮማውያን ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ወደ ኒም ውሃ ለመሳብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ ዘርግተው ነበር። ቦዩ ጋርዶን የሚባለውን ወንዝ የሚሻገርበት ባለ ሦስት ደርብ የድንጋይ ድልድይ ነው ይሄ፣ ከፍታው 49 ሜትር። እናንተ ግን ታሪኩን ተዉትና ልጆቹን ዋና ልብስ አልብሷቸው፤ ከድልድዩ ሥር ወንዙ ውስጥ ይዋኛል። ታችኛው ድንጋይ ያንሸራትታል፣ እግርም ይቆርጣል፣ ስለዚህ የውሃ ጫማ ያስፈልጋል። እናትሽ ጥላ ሥር ወንበር ዘርግታ ልጆቹ በጀርባቸው ተንሳፍፈው ቅስቶቹን ሲቆጥሩ ታያለች። እኛ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ዋልን፣ ለሌላ ቦታ የያዝነው ዕቅድ ሁሉ ቀረ፣ ማንም አልከፋውም።

ሉካ ደግሞ ከተማዋን የከበበው ግንብ አናቱ ሰፊና ዛፍ የተተከለበት መንገድ ነው፣ ዙሪያው አራት ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። መኪና አይገባበትም። ሁለት ወይም አራት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚያሽከረክረው፣ ከላዩ ጣራ ያለው ብስክሌት ይከራያል። እናትሽን መሀል አስቀምጧት፣ ፔዳሉን ባትረግጥም ችግር የለም።

መንገድ የምትወጡበትን ቀን ስትመርጡ ልጆቹ እንቅልፍ ላይ ሳሉ፣ ገና ሳይነጋ ብትነሱ ጥሩ ነው፤ እስከ አምስት ሰዓት ገደማ ነድታችሁ ማቆም። ኦገስት ላይ ቅዳሜና እሑድ፣ በተለይ በ15ኛው ዙሪያ፣ መንገድ ላይ አትገኙ። ያን ቀን ጣልያን ፌራጎስቶ ነው፣ አገሩ በሙሉ ወደ ባሕር ይፈልሳል። የልጅ መቀመጫም አትርሱ፤ ጣልያን ውስጥ ቁመቱ ከ150 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ ሁሉ ግዴታው ነው፣ የ11 ዓመቱንም ለኩት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ጣልያን ውስጥ መኪና ተከራይተን ነበር። ከተመለስን ከሁለት ወር በኋላ አከራዩ ከካርዴ ላይ 50 ዩሮ ቆረጠ። «ቅጣት» ይላል። በቃ አለቀ ብዬ ተውኩት። አሁን ደግሞ ከጣልያን ሌላ ደብዳቤ መጣና እንደገና ክፈል ይለኛል። ማጭበርበር ነው እንዴ? (ከጎተንበርግ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይመስለኝም። የመጀመሪያው 50 ዩሮ ቅጣቱ አልነበረም። አከራዩ ስምህንና አድራሻህን ለፖሊስ አሳልፎ ለሰጠበት የጽሕፈት ሥራ ያስከፈለህ ነው፣ የፈረምከው ውል ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። ዋናው ቅጣት ይሄ አሁን የደረሰህ ነው። ጣልያን ውጪ አገር ለሚኖር ሰው ደብዳቤውን ለመላክ 360 ቀን ጊዜ አላት፣ እና ትጠቀምበታለች። ደብዳቤው ላይ ታርጋው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የካሜራው ቦታ መኖሩን አረጋግጥ፣ ከኪራይ ውልህ ጋር አስተያይ። ልክ ከሆነ ቶሎ ክፈል፤ ከደረሰህ በአምስት ቀን ውስጥ ከከፈልክ 30 በመቶ ይቀነስልሃል፣ 60 ቀን ካሳለፍክ ግን ይጨምራል።

ደብዳቤህ ምን እንዳጠፋህ አይገልጽም፣ ግን እገምታለሁ፤ ዜታ ቲ ኤሌ ነው። ዞና ትራፊኮ ሊሚታቶ፣ ማለት አሮጌው የከተማ ማዕከል ውስጥ ፈቃድ የሌለው መኪና የማይገባበት ክልል። ፖሊስ የለ፣ አጥር የለ፣ ካሜራ ብቻ ነው።

እኔም ቀምሼዋለሁ። ቱስካኒ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ማታ ደረስን። ሆቴላችን ከግንቡ ውስጥ ነበር። ናቪጌሽኑ ወደ ቀኝ አለ፣ ወደ ቀኝ ገባን፣ መንገዱ እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ ባለቤቴ በመስኮት እጇን አውጥታ የጎን መስታወቱን እስክታጥፈው ድረስ ደረሰ፣ ከኋላ ልጆቹ ይስቃሉ። ሆቴሉ ጠፋ። ወጣን። ዞረን በዚያው በር ገባን። አሁንም ጠፋ። በሩ ላይ በመብራት «ቫርኮ አቲቮ» ይላል፣ እኔም አቲቮ ሲል ክፍት ነው ማለት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሦስተኛ ጊዜ ገባሁ። አቲቮ ማለት ግን ካሜራው እየሠራ ነው ማለት ነው! መግባት የሚቻለው «ኖን አቲቮ» ሲል ነው። ከሰባት ወር በኋላ ሦስት ደብዳቤ መጣ፣ በአስር ደቂቃ ውስጥ ለሦስት ጊዜ መግባት፣ ሦስት የተለያየ ቅጣት፣ እያንዳንዱ ከ83 ዩሮ የሚጀምር። ሲደመር ከሆቴሉ በለጠ።

ለሚቀጥለው ጊዜ፣ ሆቴላችሁ ክልሉ ውስጥ ከሆነ ከመድረሳችሁ በፊት ደውላችሁ የታርጋ ቁጥር ስጧቸው፤ ብዙዎቹ ለከተማው ፖሊስ ያስመዘግቡላችኋል። ከዚያ የሚሻለው ግን መኪናውን ከግንብ ውጪ አቁሞ በእግር መግባት ነው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ መኪና ጭራሽ አትውሰዱ። ቬኒስ ስትሄዱ ሜስትሬ አቁማችሁ በባቡር ግቡ፣ አስር ደቂቃ ገደማ ነው። ወደ ቺንኩዌ ቴሬ ከላ ስፔዚያ ባቡር አለ። አማልፊ ላይ መንገዱ ሁለት አውቶቡስ ሲተላለፍ የሁሉም ሰው ትንፋሽ የሚቆምበት ነው፣ ኦገስት ላይ ደግሞ ቀን ቀን እንደ ታርጋው የመጨረሻ ቁጥር በጎዶሎና በሙሉ ተራ ነው የሚያስገቡት። ሳሌርኖ አቁሙና በጀልባ ሂዱ፤ ከተማዋ ከባሕር በኩል ስትታይ ነው የምታምረው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ 15 እና 13 ናቸው። ሮም እንውሰዳችሁ ስንላቸው «ድንጋይ ልናይ?» አሉን። እናታቸው ተናዳለች። እንዴት ነው የማሳምናቸው? (አባት፣ ከኦስሎ)

መልስ፦ አታሳምናቸው። እውነታቸውን ነው፣ በ38 ዲግሪ ሙቀት ኮሎሲየም ፊት ለፊት ተሰልፎ ስለ ንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን መስማት ለ15 ዓመት ልጅ ቅጣት ነው። ሮምን በእነሱ በኩል አስገባቸው።

ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀምር። ከፊት ለፊቱ ያለው ትልቅ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። «አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው?» ብለህ ጠይቃቸው። በጃንዋሪ 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ጥቂት ደቂቃ በእግር እልፍ ስትሉ መታሰቢያቸው አለ፣ ከአናቱ ጥንታዊ የግብጽ ሐውልት የቆመበት። ሮም የገባ መንገደኛ ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ የሚያልፍበት አደባባይ ስሙን ያገኘው ከራስ አሉላ ድል መሆኑን ሲሰሙ ስልካቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የኔዎቹ አድርገዋል።

ከዚያ በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ። ስትወጡ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ትልቅ ነጭ ሕንፃ አለ። ከፊቱ ያለው ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ነው፤ የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ እስኪመለስ ድረስ የቆመው እዚህ ነበር። በ2005 በሦስት ተቆራርጦ በአውሮፕላን ተመለሰ፣ በ2008 ቦታው ላይ ቆመ። አሁን እዚያ የሚታይ የእኛ ነገር የለም፣ መኪና ይዞራል፣ በቃ። ግን ባዶውን ቦታ ማሳየት ራሱ አንድ ነገር ነው።

ፊታችሁን ወደ ኮሎሲየም አዙሩና ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ በሚባለው ቀጥ ያለ መንገድ ሂዱ። ጫፉ ላይ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ማታ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን የጨረሰው እዚህ ቅስት ሥር ነው፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። የመጨረሻዎቹን ሜትሮች የሮጠው፣ ያኔ ገና እዚያው ቆሞ የነበረውን የአክሱም ሐውልት አልፎ ነው። ይህንን እየነገርኳቸው ሳለሁ ሴት ልጄ ጫማዋን አውልቃ ለመሮጥ ሞከረች። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ኦገስት፣ ጥቁሯ ድንጋይ እንደ ምጣድ ግላለች፤ ሃያ ሜትር ሳትሮጥ እየጮኸች ተመለሰች። «እሱ ማታ ነበር የሮጠው፣ ማጭበርበር ነው» አለች። እስከዛሬ የሮምን ነገር ሲያነሱ የሚያወሩት ይሄን ነው።

ከሮም ውጪ ደግሞ ቬሱቪየስን ጨምሩ፤ መኪናው ከቆመበት በኋላ እስከ እሳተ ገሞራው አፍ በእግር ይወጣል። ትኬቱ ግን ቀድሞ በኢንተርኔት ነው የሚገዛው። ፖምፔም በቀን 20,000 ሰው ብቻ ማስገባት ከጀመረ ቆይቷል፣ እሱንም በጊዜ ያዙ። የመኪናውን ሙዚቃ ለታናሹ፣ ካርታውን ለታላቁ ስጣቸው። ሲሳሳት ዝም በል።

ጥያቄ፦ ጣልያን ፈጣን መንገድ ላይ መክፈያው ጋ ስንደርስ ሁሌ እንጣላለን። የቱ መስመር ነው የሚገባው? (ባልና ሚስት፣ ከዙሪክ)

መልስ፦ ሰማያዊ፣ ካርድ። ነጭ፣ ጥሬ ገንዘብ። ቢጫ፣ ቴሌፓስ (ሳይቆሙ በራሱ የሚከፍል መሣሪያ) ያላቸው ብቻ፤ እናንተ አትግቡ።

በስህተት ቢጫው ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ በምንም ተአምር ወደ ኋላ እንዳትመለሱ። ማሽኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫኑ፣ ወረቀት ይሰጣችኋል፣ በ15 ቀን ውስጥ ትከፍላላችሁ፣ በቃ። ሲገቡ የሚሰጠውን ትኬት ለልጅ አታስይዙ። ከጠፋ የሚያስከፍሏችሁ ከሩቁ መግቢያ እንደመጣችሁ ቆጥረው ነው። የኛ አንዴ ከኋላ መቀመጫ ሥር ከተጋጋጠ ብስኩት ጋር ተገኘ፣ ከኋላችን ሁሉም ሰው ክላክስ እየነፋ።

ስፔን የምትሄዱ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ከፈረንሳይ ጠረፍ ወደ ባርሴሎና የሚወርደው የባሕር ዳሩ መንገድ ነጻ ነው። በዚያው መንገድ ላይ ግን ጎማችሁ ተንፍሷል እያለ በእጁ የሚያሳያችሁ ባለ መኪና ካጋጠማችሁ ዳር ይዛችሁ አትቁሙለት። ነዳጅ ማደያ ወይም ሰው ያለበት ቦታ ድረስ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። አንዱ ጎማ ሊያሳይ ሲያጎነብስ ሌላው ቦርሳ ያነሳል፣ የቆየ ጨዋታ ነው።

ጥያቄ፦ ከቦሎኛ በአንኮና መርከብ ይዘን ግሪክ ልንሄድ ነው፣ ከኦገስት 8 እስከ 20። እናቴ ፍልሰታን ትጾማለች፣ እኔም እሞክራለሁ። ልጆቹ አይጾሙም። ምግቡ እንዴት ይሆናል? (ከቦሎኛ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሳታስቢው ምርጡን አገር ነው የመረጥሽው። ግሪኮችም በዚያው ወር የእመቤታችንን ጾም ይጾማሉ፣ ከኦገስት 1 እስከ 14። የእኛ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሆነ የመጀመሪያውን ሳምንት አብራችሁ ናችሁ። 15 ላይ እነሱ ይፈስካሉ፣ አንድ ሳምንት ብቻችሁን ትቀራላችሁ።

አንዲት ቃል ያዢ፤ ኒስቲሲሞ። የጾም ማለት ነው። ማብራራት ሳያስፈልግሽ፣ «ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ» እያልሽ ሳትቆጥሪ፣ ይገባቸዋል። እናቴን ይዤ በሄድኩ ጊዜ አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ይህን ቃል ስትሰማ እናቴን ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ ወጥ ቤት ይዛት ገባችና የድስት ክዳን እያነሳች አሳየቻት። ሁለቱም የየራሳቸውን ቋንቋ እያወሩ ተግባቡ።

ላዴራ የሚባሉት በወይራ ዘይት የሚሠሩ ወጦች ናቸው፤ ፋሶሊያው አለ፣ ብሪያም የሚባለው የተጋገረ አትክልት አለ። ጊጋንቴስ ትልልቅ ነጭ ባቄላ በቲማቲም ነው። ፋቫ ሲሉሽ ባቄላ እንዳይመስልሽ፣ የቢጫ አተር ክክ ተፈጭቶ ነው፤ እናትሽ አንዴ ስትቀምሰው «ይሄማ ሽሮ ነው፣ በርበሬው ነው የቀረው» ትላለች። ዬሚስታ የሚባለው በሩዝ የተሞላ ቲማቲምና ቃሪያ አንዳንዴ የተፈጨ ሥጋ ይገባበታል፣ ጠይቂ። ጣልያን ውስጥ እስክትወጡ ደግሞ ፒሳ ማሪናራ አለላችሁ፣ አይብ የለውም። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፣ ያለፈው ዓመት ደብዳቤ ገና አላለቀም።

15 ላይ ደሴት የመሄድ ሐሳብ ካላችሁ ቲኖስን እወቁ። ያን ቀን ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱን በጉልበታቸው እየዳኹ የሚወጡ ምእመናን አሉ፤ እናትሽ ይህን ካየች ከዚያ አትነቃነቅልሽም። ግን መርከብም ማደሪያም በዚያ ሰሞን ካልተያዘ አይገኝም።

ጥያቄ፦ 68 ዓመቴ ነው። ልጆቼ በመኪና ሲሲሊ ሊወስዱኝ ይላሉ። እኔ ወጣት ሳለሁ ጋራዥ ሠርቻለሁ፣ መኪና እንደሚበላሽ አውቃለሁ። እነሱ ግን ስልክ አለን ይሉኛል። መንገድ ላይ ቢቆምብን ጣልያንኛ የሚችል ሰው የለንም። ደግሞስ ሙቀቱ? (አባት፣ ከኮሎኝ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ሙቀቱን በተመለከተ ልክ ነዎት። በኦገስት 2021 ሲሲሊ ውስጥ ሲራኩሳ አጠገብ 48.8 ዲግሪ ተለክቷል፣ በአውሮፓ የተመዘገበው ከፍተኛው ነው። የልጆችዎ ልጆች ትምህርት ቤት ካላስቸገራቸው በሜይ ወይም በሴፕቴምበር መጨረሻ ይሁንልኝ ይበሏቸው። ከዋናው ምድር ወደ መሲና መኪናውን መርከብ ላይ ጭነው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። የኪራይ መኪና ከሆነ ግን መርከብ መሳፈር እንደሚፈቀድለት ውሉ ላይ ይታይ።

ቋንቋውን ግን እርስዎ ይችላሉ። ይስቁ ይሆናል፣ ግን የምሬን ነው። መኪና ራሱ ማኪና ነው። ጎማ፣ ጎማ ነው። ፍሬን ፍሬኖ፣ ፍሪሲዮን ፍሪሲዮኔ፣ ባትሪ ባቴሪያ፣ ካንዴላ ካንዴላ፣ ፍሬቻ ፍሬቻ፣ ኩሽኔታ ኩሺኔቶ። ታርጋም ታርጋ ነው። ልጆችዎ ስልካቸው ላይ ፈልገው የማያገኙትን እርስዎ ገና ድሮ ያወቁት ነው።

አንዷ ቃል ብቻ ትከዳዎታለች፤ ናፍጣ። ዛሬ ማደያው ላይ ናፍጣ የሚል የለም፣ ጋዞሊዮ ነው የሚሉት። ልጆችዎ ይህን አይተው ቤንዚን እንዳይመስላቸው፣ ብዙ ሰው በዚህ ተሳስቷል። ቤንዚኑ ቤንዚና ነው፣ መያዣው አረንጓዴ፤ ጋዞሊዮው ጥቁር። ቀለሙ ካላሳመነዎት ምልክቱን ይዩ። ከ2018 ጀምሮ በመላው አውሮፓ ኅብረት አንድ ዓይነት ነው፤ ክብ ውስጥ ኢ5 ወይም ኢ10 ካለ ቤንዚን፣ አራት ማዕዘን ውስጥ ቢ7 ካለ ናፍጣ። ከፈጣን መንገዱ ውጪ ያሉት ማደያዎች ቀትር ላይ ዘግተው ይሄዳሉ፣ ማሽኑ ብቻ ይቀራል። ማሽኑ ቀድሞ ብር ይበላል እንጂ መልስ አይሰጥም፣ ስለዚህ ታንኩ ግማሽ ካለው 50 ዩሮ አያስገቡ።

ድንገት ከቆመባችሁ አንጸባራቂ ሰደርያው ሳይለበስ ማንም ከመኪና እንዳይወርድ፣ ሰደርያው ደግሞ ሻንጣ ሥር ሳይሆን እጅ የሚደርስበት ይሁን። የሰው ጉዳት ካለ 112 ይደወላል። ልጆችዎ ስልክ ይዘው ይተርጉሙ። ሜካኒኩ መኪናው ሥር ተኝቶ እጁን ወደ ውጪ ዘርግቶ «ካቻቪቴ!» ሲል የሚያቀብሉት እርስዎ ነዎት።